እንግሊዝኛ 84 አመጣሁ፣ አንድ ገጽ ጻፊ ስባል ግን እጄ ታሰረ

የጠማቂዋ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ሶሻል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ይሄን የምጽፈውም ጋቢ ተከናንቤ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር እንግሊዝኛ 84 አመጣሁ፤ ከክፍሉ ሦስተኛ። ግራመር እወዳለሁ። ፓሲቭ ቮይስ በሉት፣ ኮንዲሽናል በሉት፣ ምርጫ ከሆነ ብዙም ሳላስብ አከባለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን መምህራችን አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ አለን። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው፤ ምን እንደሆነ እራሳችሁ ምረጡ አለ። እኔ ወዲያው የእናቴ ጠላ ትዝ አለኝ። እናቴ ያሳደገችኝ ጠላ ጠምቃ ነው። ጋን አጥቤአለሁ፣ ብቅል አስጥቻለሁ፣ ጌሾ ወቅጫለሁ። በአማርኛ ብትጠይቁኝ ሳልተነፍስ ነው የምነግራችሁ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። 4 ሰዓት ሲሆን ያለኝ አራት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ሲንስ ታይም ኢሚሞሪያል» ብሎ ይጀምራል፤ ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ እንደማለት ነው። 9ኛ ክፍል እያለን ከአንድ አጋዥ መጽሐፍ የሸመደድነው መግቢያ ነው፤ ለማንኛውም ርእስ ይሆናል ብለውን። ከዚያ ጌሾ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስልኬ ማንም የማያውቀው የላቲን ስም ሰጠኝ። እንኩሮን ጭራሽ አላወቀውም። ጥንስስን ደግሞ ከእርግዝና ጋር አገናኘልኝ። እናቴ ጋን ውስጥ ያረገዘች መሰለኝ።

በመጨረሻ ተውኩትና ስለ ኢንተርኔት ጥቅም የተጻፈ አንድ ገጽ ከስልኬ ገልብጬ ሰጠሁ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበውና «ይሄን የጻፈው ስልክሽ ነው፣ ማርኩንም ለእሱ እሰጠዋለሁ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ጓደኞቼ «ማትሪክ ላይ መጻፍ የለም፣ ምን አስጨነቀሽ» ይሉኛል። እውነት ነው? ወይስ የእኔ 84 ባዶ ነው? ከየት ልጀምር? ኮርስ ግቢ እንዳትሉኝ ብቻ፣ ብር የለም።

የፕላዝማ ትውልድ፦

አይዞሽ እህቴ። እኛ እንግሊዝኛን ከቴሌቪዥን ነው የተማርነው። ከ1997 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ፕላዝማ የሚባል ነገር ገብቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። እኛ ጥያቄውን ደብተር ላይ ጽፈን ሳንጨርስ፣ አንድ ሰው አፉን ሳይከፍት፣ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። እኔ እስካሁን ፈረንጅ ሲያናግረኝ ዝም ብዬ ቆሜ ቬሪ ጉድ እስኪለኝ ነው የምጠብቀው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርት የለም። የክፍል መምህራችን ጠመኔ ይዞ ሲነሳ «ቲቸር፣ ይምጣ እንጂ እንጠብቀው» እንል ነበር። ቁም ነገር ያላቸው ሰዎች ይመልሱልሽ፤ እኔ ሳቅሽን ልመልስልሽ ብዬ ነው።

ጠመኔ፦

ልጄ፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሳስተምር 22ኛ ዓመቴ ነው። እውነቱን እነግርሻለሁ። የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ጓደኞችሽ ያሉሽ እውነት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ እንግሊዝኛ ሁሉም ምርጫ ነው። መጻፍ መቻልሽን እንኳ የሚፈትኑሽ በምርጫ ነው፤ የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮች ይሰጡሽና ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው ይሉሻል። ዋና ትችል እንደሆነ ለማወቅ አንድን ልጅ ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጦ ስለ ወንዝ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚህ 84ሽ ባዶ አይደለም። ግን የለካው ሌላ ነገር ነው። ሰው የጻፈውን አንብበሽ ስህተቱን ታያለሽ። እራስሽ ግን ጽፈሽ አታውቂም። መቼ አስጻፍንሽና!

ለምን እንደማናስጽፍ ልንገርሽ። አምስት ክፍል አስተምራለሁ። በአንዱ ክፍል በአማካይ 62 ልጅ አለ። 310 ደብተር ማለት ነው። አንዱን ደብተር በሦስት ደቂቃ ባርም 930 ደቂቃ ነው፤ አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል። ለአንድ ገጽ! ይሄን ሂሳብ በወጣትነቴ አንድ ማታ ወረቀት ላይ ሠራሁትና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አላስጻፍኩም። ግራመር አስተምሬ፣ ምርጫ አውጥቼ፣ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ እወጣ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ልጆቹም ደስ ይላቸው ነበር።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ሁሉም ይጽፋል፤ በሳምንት የማየው ከየክፍሉ አሥር ደብተር ብቻ ነው። እሱም ላይ የማርመው አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት የግስ ጊዜ ከሆነ ሌላውን አልነካም። ድሮ ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ አደማው ነበር። ልጁ ቀዩን አይቶ ይዘጋዋል እንጂ አያነበውም።

ወደ ጠላሽ እንምጣ። እኔ ብሆን ከማርኩ ይልቅ የሚያናድደኝ ጠላውን ትተሽ ኢንተርኔት መገልበጥሽ ነው። ስለ ኢንተርኔት ጥቅም የሚጽፍ ሺህ ሰው አለ። ስለ እናትሽ ጋን ከአንቺ በቀር ማን ይጽፋል?

ጌሾን ጌሾ በዪው። እንግሊዞቹ ፒዛን ከጣሊያን ሲወስዱ ስሙን አልተረጎሙትም፤ ሲበሉት ነው ያደሩት። አንቺም ቃሉን እንዳለ ጻፊና አንድ ጊዜ አስረጂ። «ጌሾ ኢዝ ኤ ሊፍ። ኢት ሜክስ ዘ ድሪንክ ቢተር።» አለቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ገጹ መጨረሻ ጌሾ ነው። እንኩሮም እንደዚያው። እንኩሮን የሚተካ አንድ ቃል ስትፈልጊ ሦስት ሰዓት ጠፋብሽ። አንድ ቃል ከሌለ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይነገራል። ዱቄቱ ይቦካል፣ ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይበስላል፣ ይፈረፈራል። ይሄን ለመናገር የሚያስፈልጉሽን ቃላት 7ኛ ክፍል ተምረሻቸዋል።

ሁለተኛው ነገር የዐረፍተ ነገርሽ ርዝመት ነው። ሳላየው አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁላችንም በሽታችን አንድ ነው። አማርኛችን ግስን እንደ ዶቃ ይደረድራል። «ጋኑን አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ ጌሾውን ወቅጬ፣ ከውሃ ጋር በጥብጬ፣ ጠነሰስኩት።» አምስት ድርጊት፣ አንድ አራት ነጥብ። ያምራል። ይሄ «አጥቤ፣ አጥኜ» የምንለው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ለአንድ የሚተካው የለም። ተማሪዎቼ ታዲያ በ«ኤንድ» ይሰፉታል። ዋሽ ኤንድ ስሞክ ኤንድ ፓውንድ ኤንድ ሚክስ ኤንድ… አንድ ልጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ 14 ኤንድ አግብቶልኝ ያውቃል። ቆጥሬዋለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ ግስ፣ አንድ ነጥብ። መጀመሪያ ላይ የሕፃን ጽሑፍ ይመስልሻል። ይምሰል። ዐረፍተ ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ ማያያዝ የአንድ ወር ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ «ኤ» እና «ዘ»። ይሄን ሁሉም ተማሪ በሕግ ሸምድዶት ሲጽፍ ይረሳዋል። አንቺ በአማርኛሽ ፈትሺው። «አንድ ጋን ገዛች። ጋኑ ትልቅ ነው።» መጀመሪያ «አንድ» አልሽ፣ ቀጥለሽ «ጋኑ» አልሽ። ያ መጨረሻ ላይ የተለጠፈው «ኡ» ነው ብዙውን ጊዜ «ዘ» የሚሆነው። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከአሥሩ ሰባቱን ግን ያድንሻል ብዬ እገምታለሁ። እኔን አድኖኛል።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ብቻ ልበልና ልለፍ። እናትሽ ስትጠራሽ «መጣሁ!» ትያለሽ አይደል? ገና ከመቀመጫሽ አልተነሳሽም እኮ። አማርኛ ይሄን ይፈቅዳል። «አይ ኬም» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ደርሰሻል ማለት ነው። አማርኛሽ ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሰዓታቸውን የሚሞሉት በየራሳቸው ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ የ32 ገጽ ደብተር ግዢ። በቀን አምስት መስመር ጻፊበት። ርእስ አትፈልጊ። ዛሬ ቤት ውስጥ ያየሽውን ጻፊ። ማን ጠላ ሊጠጣ መጣ፣ ምን አለ፣ ብርዱ እንዴት ነበር። መዝገበ ቃላት የምታዪው አምስቱን መስመር ከጨረስሽ በኋላ ነው፣ በመሃል አይደለም። «ሲንስ ታይም ኢሚሞሪያል»ን ቅበሪው። ጠላ መቼ እንደተጀመረ ማንም አልጠየቀሽም።

ሪያሊስት፦

ቲቸር ያሉትን አከብራለሁ፣ ግን ልጅቷ 11ኛ ክፍል ናት። የ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ካልገባች የጠላ ድርሰት ምን ያደርግላታል? ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ትሥራ፣ ፓሴጅ ላይ ፍጥነት ታምጣ። መጻፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጠመኔ፦

ሪያሊስት፣ አልጣላህም። ያለፉትን ፈተናዎች ትሥራ። ግን ሶሻል ናት። ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ኢኮኖሚክሱም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣባት። ጥያቄውን በትክክል ማንበብ ካልቻለች የምታውቀውን ታሪክ ትስታለች። በእጄ ካለፉት ልጆች ያየሁት፣ አምስት መስመር በየቀኑ የሚጽፍ ልጅ ፓሴጅ ሲያነብ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ያቆማል። ይሄ ጥናት አይደለም፣ የእኔ ዓይን ነው። አምስት መስመር ደግሞ አሥር ደቂቃ ነው።

ፍሬሽማን ነበርኩ፦

ሪያሊስት «ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ያለው ላይ ልግባ። አይደርስም ወንድሜ። እኔ ነኝ ምስክሩ።

ፍሬሽ እያለን «ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ» የሚባል ኮርስ አለ። የመጀመሪያ አሳይመንታችን አንድ ፓራግራፍ ነበር፣ በግሩፕ። ስድስት ልጆች ነበርን፣ ሁላችንም ማትሪክ እንግሊዝኛ ጥሩ ያመጣን። ማን ይጽፋል ሲባል ስድስታችንም ስልካችንን ማየት ጀመርን። ከዚያ አንዱ ከቴሌግራም አመጣ። መምህሯ በሳምንቱ ገብታ የሦስት ግሩፕ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሦስቱም አንድ ናቸው። የፊደል ስህተቱ ጭምር። ሦስት ግሩፕ አንድ ቻናል ነበር የሚከተለው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር መጻፍ ሆነ። ሪፖርት፣ ተርም ፔፐር፣ መጨረሻ ላይ ሪሰርች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ከዜሮ የጀመርኩት፤ በጣም ያሳፍር ነበር። እህቴ፣ አሁን አፍሪ። አሁን ርካሽ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነው። እዚህ የመጣሁት 16 ዓመቴ ላይ፣ 10ኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ከውጭ ለመጣን ልጆች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክፍል አስገቡኝ። ግራመር ላይ ከሁሉም በላይ ነበርኩ። አስተማሪዋ ስለ ግራመር ጥያቄ ሲኖራት እኔን ታይ ነበር ማለት ይቻላል፣ ቀልዴን አይደለም።

ከዚያ ወደ ዋናው ክፍል አሳለፉኝ። አሥራ ሁለት መስመር ግጥም ሰጡንና «ምን አሰባችሁ?» አሉን። እኔ የገጣሚውን የሕይወት ታሪክ ከኢንተርኔት ገልብጬ አስገባሁ፤ የት ተወለደ፣ መቼ ሞተ። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ወደ ቤት መጣ። እናቴ ደብዳቤውን ስታይ ሽልማት መስሏት እልል ልትል ነበር። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የሰው ጽሑፍ የራሱ አስመስሎ አቅርቧል ይላል። ለእሷ «ጎበዝ ነው ይላሉ» አልኳት። እስካሁን አልነገርኳትም።

የገረመኝ ነገር ዜሮው አይደለም። አስተማሪው ጠርቶኝ «ይሄ የሌላ ሰው ነው፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በትምህርት ቤት ማንም ምን ትላለህ ብሎኝ አያውቅም። የምለው አልነበረኝም። ከዚያ አያቴ ትዝ አሉኝ። ቅኔ ሲሰሙ «ወርቁን አገኘኸው?» ይሉኝ ነበር። ግጥሙን እንደዚያ አነበብኩት፤ ሰሙ ስለ በረዶ ነው፣ ወርቁ ስለ አባቱ። ያንን ጻፍኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ቢ ፕላስ አገኘሁ፤ ያ ወረቀት አሁንም ፍሪጃችን ላይ ነው።

ቲቸር ጠመኔ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅቷ ምን ታንብብ? የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው እኮ አጫጭር ፓሴጅ ነው።

ጠመኔ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥሩ አነሳህ። ችግሩ ይሄው ነው። ሥነ ጽሑፍ ብለን የምናስተምረው የለም። አንድ ገጽ ፓሴጅ፣ ከሥሩ ጥያቄዎች፣ ቀጣይ ዩኒት። አንድ ልጅ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሳያነብ 12ኛን ይጨርሳል።

የከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኘሽው፣ ልጄ፣ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን «ዘ አፈርሳታ» ፈልጊ። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሰውየው በጉራግኛም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም የጻፈ ነው። ታሪኩ በጉራጌ መንደር ውስጥ ነው፤ የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፣ መንደሩ ማን እንዳቃጠለው ለማወቅ አፈርሳታ ይቀመጣል። ቀጭን መጽሐፍ ነው፣ እንግሊዝኛው አያስፈራም። እንዲያውም አንድ ነገር ተመልከቺ፤ ርእሱ ላይ ያለውን ቃል አልተረጎመውም። አፈርሳታ ብሎ ነው ለንደን ያሳተመው። አንቺ ጌሾ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመሻል።

ስታነቢ የማታውቂውን ቃል ሁሉ አታስምሪ። አንዱን ምዕራፍ ጨርሰሽ መጽሐፉን ዝጊና ለእናትሽ በአማርኛ ተርኪላት። መተረክ ካቃተሽ አልገባሽም፤ ተመለሺ። እሷ «ከዚያስ?» ካለችሽ ገብቶሻል።

የጠማቂዋ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቲቸር፣ እርስዎን በተለይ። ደብተሩን ገዝቻለሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ሁለት ቀን ዘልያለሁ፣ አልዋሽም፤ ፈተና ነበረን።

ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉ የለንም አሉኝ። አንድ መምህር ግን ቤታቸው እንዳለ ነግረውኛል፣ ሰኞ ያመጡልኛል።

የጠላውን እንደገና ጀመርኩት። እንዲህ ነው የሚጀምረው። «ማይ ማዘር ሃዝ ኤ ጋን። ዘ ጋን ኢዝ ኦልደር ዛን ሚ። ሺ ዋሽስ ኢት ዊዝ ኸር ሃንድስ። ዜን ሺ ስሞክስ ኢት።» አሥራ ሰባት መስመር ደርሻለሁ። ለእናቴ በአማርኛ ስነግራት ሥራዋን ትታ ሰማችኝና «ብቅሉን ቶሎ ጨመርሽው፣ ጥንስሱ ሳይነሳ» ብላ አረመችኝ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ፓራግራፍ ቦታ ቀየርኳቸው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ቲቸር። ስሞክስ የሚለው ትክክል ነው? ጓደኛዬ አንብባው «እናትሽ ጋን ታጨሳለች እንዴ?» ብላ ስቃ ልትሞት ነው።

ጠመኔ፦

ጓደኛሽ ትሳቅ፣ ቃሉ ትክክል ነው። ፈረንጆቹ ሥጋና ዓሣ ላይም ይሉታል። ግን በምን እንደምታጥነው አልጻፍሽም። ወይራ ነው? እንጨቱ ነው ቅጠሉ? ጋኑ ተደፍቶ ነው? ጭሱ ስንት ደቂቃ ይቆያል? አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ዓይንሽ ያነባል ወይስ ትሸሺያለሽ? እነዚህን ጨምሪና መልሰሽ ላኪልኝ። ሌላውን ስህተት በዚህ ሳምንት አላይም።

የጠማቂዋ ልጅ (ጠያቂ)፦

ወይራ ነው። ተደፍቶ ነው። እሸሻለሁ። እሺ፣ ቅዳሜ ስለምታጥን ቆሜ አይቼ እጽፈዋለሁ።